«ቆይ» ወይስ «ቆዪ»? በአንድ የትዳር ልብ ወለድ ላይ ሦስት ጊዜ ሐሳቧን ለቀየረች አንባቢ

ጥያቄ፦ «ናይጄሪያዊቷ አዮባሚ አዴባዮ የጻፈችውን ‹ስቴይ ዊዝ ሚ›ን፣ በእኛ ‹ከእኔ ጋር ቆይ› ማለት ነው፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ በአንድ ሌሊት ጨርሼው አለቀስኩ፤ ባልየውን አኪንን ጠላሁት፤ መጽሐፉንም ላገኘሁት ሰው ሁሉ አመሰገንኩ። ለሁለተኛ ጊዜ ሳነበው ደራሲዋ ያታለለችኝ መሰለኝ። አኪን በራሱ አንደበት እየተረከልኝ ትልቁን ምስጢሩን፣ መካን መሆኑን፣ ለረጅም ጊዜ ደበቀኝ። በቅርቡ ለሦስተኛ ጊዜ ሳነበው ደግሞ የተናደድኩት በሚስቲቱ በዬጂዴ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባች ሴት የባሏን ችግር ሳታውቅ እንዴት ዓመታት ትኖራለች? በመካከሉ የታላቅ እህቴ ትዳር ፈርሷል። አሁን በንባብ ክበባችን ስለ መጽሐፉ እንዳቀርብ ተመድቤያለሁ። ጓደኞቼ ‹መጽሐፉ በላይዋ ላይ ሁለተኛ ሚስት ስለመጣባት ሴት ነው፤ አታወሳስቢው› ይሉኛል። ከሦስቱ ትክክለኛው አስተያየቴ የትኛው ነው? ሐሳቤ እንዲህ መገለባበጡስ ማንበብ አለመቻሌን አያሳይም?»

መልስ፦ ከርዕሱ ልጀምር፤ የጥያቄዎ ግማሽ መልስ እዚያው አለና። «ከእኔ ጋር ቆይ» ብለው ተርጉመውታል። በእንግሊዝኛው የሚለመነው ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም። አማርኛ ግን ይህን ዝምታ አይፈቅድም፤ ወይ «ቆይ» ወይ «ቆዪ» ማለት ግድ ነው። እርስዎ «ቆይ» ሲሉ ሚስት ባሏን የምትለምንበት ርዕስ አድርገው ሰምተውታል ማለት ነው። የመጽሐፉን ስም ተሸክማ የምትገኘው ግን የዬጂዴ ሦስተኛ ልጅ ሮቲሚ ናት፤ ሴት ልጅ ናት፤ ስሟም በዮሩባ ቋንቋ ያንኑ ልመና ይናገራል። ስለዚህ «ቆዪ» ነው። (መጽሐፉን ያላነበበ ሰው ከዚህ በታች እንዳያልፍ እመክራለሁ፤ ምስጢሮቹን ሳልገልጥ ጥያቄውን መመለስ አልችልም።)

ዮሩባዎች እየተወለደ የሚሞት፣ ተመልሶም የሚወለድ ልጅን «አቢኩ» ይሉታል፤ ለእንዲህ ያለው ልጅ የሚወጣለት ስም ራሱ ልመና ነው። እኛም ልጅ ሞቶ ልጅ ሲወለድ ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ እንላለን። የእኛዎቹ ስሞች ፊታቸውን ወደ ሞተው ልጅ አዙረው ሐዘኑን ይክሳሉ። «ሮቲሚ» የሚለው ስም ግን በእቅፍ ያለችውን፣ ልትሄድ የምትችለውን ይማጸናል። የመጀመሪያዋ ልጅ ኦላሚዴ በጨቅላነቷ ሞታለች፤ ሁለተኛው ልጅ ሴሳንም ሞቷል፤ ሮቲሚ ስትወለድ እናትየው ልቧን ለመስጠት እንኳ ትፈራለች። አንባቢ ርዕሱን መጀመሪያ ለባል፣ በኋላ ለልጅ፣ መጨረሻ ላይ ለሁለቱም ይሰማዋል። መጽሐፉ የሽፋኑን ትርጉም በእጅዎ ላይ እያለ ቀየረብዎ። እርስዎም አብረው ቢቀየሩ ምን ያስገርማል?

ሁለተኛው መታረም ያለበት «መካን» የሚለው ቃል ነው። አኪን ያለበት ስንፈተ ወሲብ ነው። መካንነት ዘር አለማፍራት ነው፤ ስንፈተ ወሲብ ግንኙነቱን ለመፈጸም አለመቻል ነው። የታሪኩ ጠመዝማዛ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ልዩነት ነው። አኪን መካንነት ብቻ ቢኖርበት ኖሮ ዬጂዴን የሚያሳስታት ነገር አይኖርም ነበር፤ ባልና ሚስት ሐኪም ቤት ተመላልሰው ውጤቱን ያውቁ ነበር። አኪን የደበቀው በየሌሊቱ በአንድ አልጋ ላይ፣ በሚስቱ ዓይን ፊት ያለውን ነገር ነው። ሌላም ልብ ይበሉ፦ ታሪኩ ወደ ኋላ የሚመልሰን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወደ 1985 ነው (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው)። የስንፈተ ወሲብ መድኃኒቱ ቪያግራ በአሜሪካ የተፈቀደው በ1998 ነው። ዛሬ በመድኃኒት ቤት መስኮት በኩል ሊጠየቅ የሚችለው ነገር ያን ጊዜ ባልና ሚስቱ ለሚኖሩባት ለኢሌሻ ከተማ ሰው ስም እንኳ አልነበረውም። በእኛም አንደበት «ልጅ አልወለዱም» ሲባል የሰው ዓይን ቀድሞ ወደ ሴቲቱ ሆድ ይሄዳል። ጠበሉም፣ ስለቱም፣ ዕጣኑም ለእርሷ ነው። አኪን የተደበቀው በዚህ ልማድ ጥላ ሥር ነው።

ጓደኞችዎ የሚሉትን በአጭሩ ልለፈው። ሁለተኛዋ ሚስት ፉንሚ በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ዘመዶች ይዘዋት ሳሎን ሲገቡ የምናየው ትዕይንት ብርቱ ነው፤ አንባቢውን ጎትቶ የሚያስገባው እርሱ ነው። ነገር ግን ፉንሚ የመጣችው ውሸቱ ካደረ በኋላ ነው። ይህን ትዳር ያፈረሰው ውሸቱ ነው፤ ሁለተኛዋ ሚስት ባትመጣም ይፈርስ ነበር።

አሁን ወደ ሦስቱ አስተያየቶችዎ። ሐሳብ የሚቀየረው በሦስት ምክንያት ነው፦ መጽሐፉ አዲስ ነገር ሲያሳውቅዎ፣ ሕይወትዎ ሲቀየር፣ ወይም የሰው ወሬ ሲያሸንፍዎ። የመጀመሪያው ለሂስ ዋና ጥሬ ዕቃ ነው። ሁለተኛው ሊከበር ይገባዋል፤ ግን ስሙ ተጠርቶ ለብቻው መቀመጥ አለበት። ሦስተኛውን ይጣሉት። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚለዩበት ቀላል መንገድ አለ። የተናደዱበትን ዓረፍተ ነገር በጣትዎ ይንኩ። ገጹን ገልጠው «ይኸው፣ እዚህ ላይ» ማለት ከቻሉ ንዴቱ ከመጽሐፉ ጋር ነው። ገጹን አጥተው ስለ አንድ የሚያውቁት ሰው ማውራት ከጀመሩ ንዴቱ የሌላ ነው።

በዚህ መለኪያ የመጀመሪያው አስተያየትዎ፣ አኪንን መጥላትዎ፣ ጤናማ የመጀመሪያ ንባብ ነው። መጽሐፉም እንዲጠሉት ፈልጓል። መግቢያው ላይ በ2008 ዬጂዴ በጆስ ከተማ ሆና ልትጓዝ ስትዘጋጅ እናገኛታለን፤ የምትናገረው ለአንድ ለተለየ ሰው ነው፤ «አንተ» ትለዋለች። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በተበዳይ ጆሮ አጠገብ ተቀምጠን ክሱን እየሰማን ነው። ተከሳሹን ሳናየው ፈርደንበታል። እኔም መጽሐፉን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ በአንዱ የአኪን ምዕራፍ ኅዳግ ላይ በእርሳስ «ውሸታም» ብዬ ጽፌ ነበር። ቃሉ እስከ ዛሬ አለ፤ አላጠፋሁትም። ከጎኑ ግን በኋላ በሌላ እርሳስ «ማንን ፈርቶ?» የሚል ጨምሬበታለሁ። እርስዎም የመጀመሪያ ማስታወሻዎን አይፍቁ። ያለ እርሱ ወዴት እንደሄዱ ማንም አያይም፤ እርስዎም ቢሆኑ።

ሁለተኛው አስተያየትዎ ከሦስቱ ሁሉ ጠንካራው ነው፤ ስለዚህ ብዙ ልቆይበት። «አኪን እየተረከልኝ ደበቀኝ» ብለዋል። ብዙዎቻችን ልብ ወለድ ማንበብ የተማርነው ሁሉን ከሚያይ ተራኪ ነው። በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ሐዲስ ዓለማየሁ ስለ ፊታውራሪ መሸሻ የነገሩንን አንጠራጠርም፤ ተራኪው ከሁሉም በላይ ቆሞ ያያልና። አዴባዮ ግን ታሪኩን ለሁለት ሰዎች አካፍላ ሁለቱንም «እኔ» አሰኝታቸዋለች። «እኔ» ብሎ የሚተርክ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ የመናገር ግዴታ የለበትም፤ ለሚስቱ ያልተናገረውን ለእኛ ለማናውቀው ለምን ይናገራል? መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ ዝም ያለው ገጸ ባሕርዩ ነው ወይስ ደራሲዋ ናት አፉን የያዘችው?

ይህን የሚለዩት እንዲህ ነው። ምስጢሩን ካወቁ በኋላ ወደ መጀመሪያዎቹ የአኪን ምዕራፎች ይመለሱ። ዓረፍተ ነገሮቹ ሐሰት ሆነው ከሞቱ አታሎዎታል። ሁለተኛ ትርጉም አውጥተው ከተነሡ ግን አላታለለዎትም፤ መጀመሪያ ላይ ያልሰሙት ነበር እንጂ። የአኪን ምዕራፎች አብዛኞቹ ይነሣሉ። የእናቱን የሞሚን ግፊት ለማቅለል ሁለተኛ ሚስት መቀበሉን መጀመሪያ ሳነብ የደካማ ወንድ ወላዋይነት መስሎኝ ነበር። ምስጢሩን አውቄ ስመለስ በእሳት ላይ ቅጠል እየጨመረ በጭሱ የሚደበቅ ሰው አየሁ። ለልጅ ያለው ጉጉትም እንዲሁ ተለወጠብኝ፤ ልጅ ለእርሱ ልጅ ብቻ አይደለም፤ ጥያቄውን ሁሉ የሚዘጋ ማኅተም ነው። ወንድሙን ዶቱንን ወደ ሚስቱ እስከ መላክ ያደረሰውም ይኸው ነው። ግን ሙሉ በሙሉ ልከራከርዎት አልፈልግም። አንዳንድ ምዕራፎች አኪን ሊናገር አፉን ሲከፍት ልክ በዚያች ቅጽበት ይቆረጣሉ። እዚያ የምሰማው የሰውየውን እፍረት ሳይሆን የደራሲዋን እጅ ነው። እፍረት እንዲህ በምዕራፍ መጨረሻ ላይ ብቻ አይመጣም። ክስዎን በእነዚህ ገጾች ላይ ብቻ ካቆሙት ማንም አይመልስልዎትም።

ደግሞም አንድ ያልጠየቁት ጥያቄ አለ። አኪንን «ደበቀኝ» ያሉት እርስዎ ዬጂዴ ስታሳስትዎ ለምን ዝም አሉ? ትዝ ይበልዎ፤ ልጅ ለማግኘት ወደ ተአምር ተራራው ትወጣለች። እንከን የሌላት፣ ሌላ ቀለም ያልነካት ነጭ ፍየል እንድታመጣ ታዝዛለች። ፍየሏን ይዛ ተራራውን ትወጣለች፤ ከላይም ሰዎች ከብበው እየጸለዩና እየዘመሩ እንስሳዋን አቅፋ ጡቷን ታጠባታለች። በዚያች ደቂቃ ዓይኗ የሚያየው ሕፃን ነው። ከዚያ በኋላ «አርግዣለሁ» ትለናለች፤ ሆዷ ይገፋል፤ የአልትራሳውንድ ምርመራ ምንም የለም ቢላትም አትቀበልም። ሐኪሞች ይህን ሐሰተኛ እርግዝና ይሉታል፤ ሰውነት የሚያስመስለው እውነተኛ ክስተት ነው። እኛ አንባቢዎች ግን ከእርሷ ጋር ሆነን አምነናታል። ስለዚህ በዚህ መጽሐፍ ሁለቱም ተራኪዎች እምነት የሚጣልባቸው አይደሉም። አንዱ እያወቀ ይደብቃል፤ አንዷ የምታምነውን ትነግረናለች፤ የምታምነው ግን የለም። ይህን ጎን ለጎን አስቀምጠው ካልተነጋገሩበት «ተታለልኩ» የሚለው ክስ ባልን ብቻ የሚከስ የሰፈር ሽምግልና ይሆናል።

ሦስተኛውን አስተያየትዎን፣ «እንዴት ሳታውቅ?» የሚለውን፣ ብዙ ሰው ያነሣዋል፤ መልሱ ግን በመጽሐፉ ውስጥ አለ። ዬጂዴ ስታገባ ከወንድ ጋር ተኝታ አታውቅም። እናቷ የሞተችው እርሷን ስትወልድ ነው። ያደገችው በአባቷ ሌሎች ሚስቶች መካከል ነው፤ ከእነርሱም አንዷን እንኳ ጠርታ «ይህ ነገር እንዴት ነው?» ልትላት አትችልም። ባሏ ወንዶች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም ሲላት የምታመሳክርበት የላትም። ዩኒቨርሲቲ ይህን አያስተምርም። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ራሷ የምትናገረው ነው፦ መልሱን ማወቅ ስላልፈለገች አለመጠየቋን፣ ማመን ከመጠራጠር ስለሚቀል ማመኗን ትናዘዛለች። ደራሲዋ ቀዳዳውን አይታዋለች፤ ዬጂዴም ራሷ ቆማበታለች። እንግዲህ በጣትዎ የሚነኩት ገጽ ይህ ከሆነ፣ ገጹ ለጥያቄዎ መልስ ሰጥቷል። ንዴቱ ከዚያም በኋላ ካልበረደ ምንጩ ሌላ ቦታ ነው፤ በደብዳቤዎ ውስጥ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ጠቅሰውት አልፈዋል። እህትዎ ያላየችውን ዬጂዴ እንድታይልዎ ፈልገው ይሆናል። ይህ አያሳፍርም፤ ልብ ወለድ የሚነበበው በቤት ውስጥ ነው፤ ቤቱም ከነችግሩ ነው። በክበቡ ፊት ግን የእህትዎን ትዳር በዬጂዴ ስም አያቅርቡ። አድማጭ ወዲያው ይለየዋል፤ እህትዎም በማታውቀው ጉባኤ ትዳኛለች።

እዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ታሪኩን የደራሲዋ ሕይወት አድርገው አይተንትኑት። አዴባዮ የተወለደችው በ1988 ነው፤ ጄኔራል ባባንጊዳ በናይጄሪያ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን በያዙበት በ1985 አልተወለደችም፤ የጁን 12ቱ የናይጄሪያ ምርጫ በተሰረዘበት በ1993 ደግሞ የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። መጽሐፉ በ2017 ታትሞ ለቤይሊስ የሴቶች የልብ ወለድ ሽልማት የመጨረሻ ዝርዝር ሲገባ ገና 29 ዓመቷ ነበር። የጻፈችው ከእርሷ በፊት ያለፈውን ትውልድ ትዳር ነው፤ ይህ ምርምርና ምናብ ነው እንጂ ኑዛዜ አይደለም። ሁለተኛ፣ የዬጂዴን ልጆች የያዘውን ሲክል ሴል የሚባለውን የደም በሽታ እንደ እርግማን ወይም እንደ ምሳሌ ብቻ አያንብቡት። ልጁ በሽታውን የሚይዘው ከሁለቱም ወላጆች ጉድለት ያለበትን ዘረ መል ሲወርስ ነው፤ ሁለቱም ተሸካሚ ከሆኑ በእያንዳንዱ እርግዝና 25 በመቶ ዕድል አለ። በናይጄሪያ ከአራት ሰው አንዱ ገደማ ተሸካሚ ነው፤ እጮኛሞች ደማቸውን መመርመራቸውም የተለመደ ነው። የመጽሐፉ ጥበብ እዚህ ላይ ያስደንቀኛል። ባልየው ዓመታት አፉን ዘግቶ የደበቀውን የልጆቹ ደም ይናገራል። የማን ልጆች እንደሆኑ የሚመሰክረው ላቦራቶሪ ነው። ይህን ሕክምናዊ እውነት ሳያውቁ ያነበቡት የክበብዎ አባላት ካሉ ሁለት ደቂቃ ሰጥተው ያስረዷቸው።

ሦስቱም ንባብዎ አንድ ሰው ይጎድላቸዋል። አንዴ ባልን፣ አንዴ ደራሲዋን፣ አንዴ ሚስትን ዳኙ። ፉንሚን ግን በጓደኞችዎ አፍ ብቻ ነው ያነሷት፤ ያውም ያለ ስሟ። ይህች ወጣት ሴት የማታውቀው ምስጢር ወዳለበት ትዳር ገባች፤ እርሷም እንደ ዬጂዴ ተዋሸች፤ የምትጠይቀውም ጥያቄ ገዳይ ሆነባት። በኦላሚዴ የስም ማውጣት በዓል ሌሊት በደረጃው ላይ ወድቃ ትሞታለች፤ በሞቷም የአኪን እጅ አለበት። ሁለት ሰዎች «እኔ» እያሉ በሚተርኩበት መጽሐፍ ውስጥ ሦስተኛዋ አንድም ምዕራፍ አልተሰጣትም። እኔ ይህን የመጽሐፉ ትልቁ ድክመት አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ አኪን ምስጢሩን ከመደበቁ ይልቅ የሚከብደኝ ይህ ነው። ሊከራከሩኝ ይችላሉ፤ ትዳሩን የሚተርኩት ሁለቱ ናቸው፤ ሁለቱም ፉንሚን ማየት አይፈልጉም፤ ስለዚህ አለመታየቷ ራሱ እውነት ነው ሊሉ ይችላሉ። ክርክሩ ጥሩ ነው። ነገር ግን መጽሐፉ ለሞቱት ሕፃናት የሚሰጠውን የሐዘን ስፋት ለእርሷ ከሰጠው ጋር ያስተያዩ።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው ነው። በክበቡ ፊት የመጨረሻውን አስተያየትዎን ሁልጊዜ እንደዚያ ያስቡ እንደነበረ አድርገው አያቅርቡ፤ ሐቀኝነት አይደለም። ሦስቱን በየተራ እየተረኩ «ይህንንም አስቤ ነበር፣ ያንንም አስቤ ነበር» ብለውም አይጨርሱ፤ ያ የማስታወሻ ደብተር ንባብ ነው። ሁለተኛውን አስተያየትዎን ዋና ክስ አድርገው ይያዙት፤ ግን አስተካክለው፦ መጽሐፉ በሁለት ሊታመኑ በማይችሉ አንደበቶች ይተረካል፤ የአኪን ዝምታ አብዛኛው እፍረቱ የወለደው ስለሆነ ያሳምናል፤ በጥቂት ቦታዎች ግን ደራሲዋ ለልብ ሰቀላ ስትል ታራዝመዋለች። የመጀመሪያውን አስተያየትዎን ምስክር አድርገው ይጥሩት፤ አንባቢ እንዴት ወደ ፍርድ እንደሚገፋ ያሳያል። ሦስተኛውን ዬጂዴ በምትናዘዝበት ገጽ ይመልሱት። ለእያንዳንዱ ነጥብ አንድ ገጽ ይምረጡ፤ ጮክ ብለው ያንብቡ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ አስተያየት ይስጡ።

አኪን ይቅር ሊባል ይገባዋል ወይ የሚለውን ንባብ ሊወስንልዎ አይችልም፤ አራተኛ ጊዜ ቢያነቡም። ሞታለች ተብላ የተለቀሰላት ሮቲሚ በ2008 ቆማ እናቷ ፊት ስትገኝ መጽሐፉ ለእናትየው የሚገባትን መልሷል ብዬ አምናለሁ። ለባልየው ግን ምንም አልወሰነም፤ እርስዎም በክበቡ ስም አይወስኑለት።

ከስብሰባው በፊት አንድ ሥራ ይቀርዎታል። የስም ማውጣቱ በዓል ወዳለበት ምዕራፍ ይመለሱና ከዚያች ሌሊት በኋላ ፉንሚ በስሟ የምትጠራባቸውን፣ ሰው የሚያለቅስላትን መስመሮች በእርሳስ እያሰመሩ ይቁጠሩ። ንግግርዎን በዚያ ቁጥር ይጀምሩ።